እንጀራ እናቷን ማን ክፉ አደረጋት?

"ተረት ተረት!" "የላም በረት!" እያልን ያደግን የመንዝ ልጆች ስለ ተረት የማናውቀው ያለ አይመስለንም። ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ቡና ላይ በተረት ውስጥ ስላሉ ሴቶች ተከራከርን። ከተባለው ግማሹ ስህተት ነበር፤ እኔ ያልኩትም ጭምር።

"ተረቶቻችን ሴትን ይንቃሉ።"

ቆይ፣ የትኛው ተረት? "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" እኮ ተረትና ምሳሌ ነው። እሳት ዳር የሚወራው ሌላ ነው። ስማቸው ስለተመሳሰለ የአንዱን ዕዳ ለሌላው እናሸክማለን። እኛ ቤት ተረቱን የምትነግረን አያቴ ነበረች፣ የበግ ጠጉር እየፈተለች።

"እንጀራ እናት በተረት ሁሌም ክፉ ናት።"

ይቺን እኔም አምናት ነበር። የጀርመኖቹ ግሪም ወንድማማቾች በ1812 (በፈረንጆቹ) ባሳተሙት የተረት መጽሐፍ ግን ስኖው ኋይት የምትባለዋን ቆንጆ ልጅ ልታስገድል የተነሳችው የገዛ እናቷ ናት! በ1819ኙ እትም እንጀራ እናት አደረጓት፤ የእናትን ስም ላለማጉደፍ ነው ይባላል። በቃ፣ ኃጢአቱ ለእንጀራ እናት ተላለፈ።

የኛው የአንበሳ ጠጉር ተረት ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ያገባት ሴት ናት፤ ልጁ የሰጠችውን አልበላም ይላል፣ ዞር በይ ይላታል። መድኃኒት ፍለጋ አንድ አዋቂ ሽማግሌ ዘንድ ስትሄድ "የአንበሳ ጠጉር አምጪ" ይላታል። በየቀኑ ሥጋ ወስዳ ትጥላለች፣ ዛሬ ከሩቅ፣ ነገ ትንሽ ቀረብ ብላ፣ እያለች እያለች አንበሳው ለመዳት። እዚህ ጋ አያቴ እንዝርቷን ታቆማለች። ሁለት ጣቷን ወደ ፊቴ ትዘረጋና፣ እስትንፋሳችንን ውጠን ስንጠብቅ፣ ጧ! ከቅንድቤ አንድ ጠጉር። ሽማግሌው "አንበሳ ያላመድሽ ልጅ ያቅትሻል?" ይላታል።

"ሴት ጀግና የሆነችው ገና አሁን በፊልም ነው።"

ባለ ቀይ ቆቧን ልጅ እንውሰድ፤ አያቷን ልትጠይቅ ስትሄድ ተኩላ የሚያታልላትን፣ የፈረንጆቹን ተረት። ፈረንሳዊው ፔሮ በ1697 ባሳተመው ተኩላው በላት፣ አለቀ። ግሪሞች አዳኝ ልከው ከሆዱ አስወጧት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይ ገጠር፣ ከሰው አፍ በተጻፈ አንድ ቅጂ ግን "ሽንቴ መጣ" ትለዋለች። ተኩላው እግሯን በገመድ አስሮ ይለቃታል። ገመዱን ፈታ ዛፍ ላይ አስራው ወደ ቤቷ እብስ! አዳኝ የለ፣ ምን የለ።

"ተረት የማኅበረሰቡ መስታወት ነው።"

ግማሽ እውነት። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርግ ነበር፤ ያንን የሻረው የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው። የአያቴ ተረት ውስጥ ግን ሚስት ባሏን ስታሞኝ የሕጉን መሻሻል አልጠበቀችም። ያም ሆኖ ተረቱ የሚያልፈው ነገር አለ። እኔ አላየሁትም፣ ያየችው የእህቴ ልጅ ናት። ባለፈው የገና ሰሞን አያቴ የአንበሳውን ተረት ስትነግራት አቋረጠቻትና "እማማ፣ አባትየው የት ሄዶ ነው?" አለቻት።

አያቴ ዝም አለች። በማግስቱ ማታ ያው ተረት ተደገመ፤ ሥጋውን ተሸክሞ እስከ ጫካው የሸኛት ባልየው ነበር።