ክራዮአብሌሽን ምንድን ነው? የኩላሊት ካንሰርን በውርጭ መምታት

ደብረ ማርቆስ ወይም ሞጣ ለጨጓራው ብሎ አልትራሳውንድ የታየ ሰው ያላሰበውን «ኩላሊትህ ላይ እጢ አለ» ሊባል ይችላል። ትናንሽ የኩላሊት ካንሰሮች በብዛት የሚገኙት እንዲህ በአጋጣሚ ነው፤ ሕመምም የላቸውም። ዋናው ሕክምና ቀዶ ጥገና ነው። እጢው ከ4 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ (ከ3 በታች ቢሆን ደግሞ ይመረጣል)፣ ታካሚውም በዕድሜ ወይም በልብ ሕመም ቀዶ ጥገና የሚከብደው ከሆነ ግን እጢውን እዚያው ባለበት በቅዝቃዜ መግደል ይቻላል። ክራዮአብሌሽን ይሉታል።

የጮቄን ውርጭ የሚያውቅ ገበሬ ነገሩ አይጠፋውም፤ ገብሱን «ውርጭ አቃጠለው» ይላል። እዚህም ሴሉን የሚያፈርሰው ውስጡ የረጋው በረዶ ነው።

ኩላሊት ወደ ጀርባ ስለሚገኝ ታካሚው ብዙውን ጊዜ በሆዱ ይተኛል። 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል የሚወፍሩ መርፌዎች በሲቲ ስካን እየታዩ ወደ እጢው ይገባሉ። በመርፌው ውስጥ በከፍተኛ ግፊት የመጣ አርጎን ጋዝ ጫፉ ጋ ሲደርስ ድንገት ይሰፋና ከዜሮ በታች ከ100 ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። የተለመደው አሠራር 10 ደቂቃ ማቀዝቀዝ፣ 8 ደቂቃ ያህል ማቅለጥ፣ እንደገና 10 ደቂቃ ማቀዝቀዝ ነው።

ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። በረዶው በሲቲ ላይ እንደ ጠቆረ ኳስ ይታያል፤ የኳሱ ጠርዝ ግን ገና 0 ዲግሪ ስለሆነ እዚያ ያለው ሴል አይሞትም። የሚገድለው ከዜሮ በታች ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ያለው ቅዝቃዜ ነው። ስለዚህ በረዶው እጢውን ዙሪያውን ቢያንስ በ5 ሚሊ ሜትር ማለፍ አለበት፤ እጢውን ልክ ሸፍኖ ከቆመ ካንሰሩ ከዳር ይተርፋል። አንጀት ከተጠጋ በመሃል ፈሳሽ ተወግቶ ይገፋል። መርፌው በረዶው ሳይለቀው ከተጎተተ ደግሞ ኩላሊቱ ይሰነጠቅና ይደማል።

ሕክምናው በየቦታው አይገኝምና የዓባይን በረሃ ከመውረድ በፊት ደውሎ መጠየቅ ይሻላል። የሲቲውን ሲዲ ያዙ፤ የሪፖርቱ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። አስፒሪን ወይም ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ይናገር፤ በራሱ ግን አያቋርጥ። ከሕክምናው በኋላ አንድ ሁለት ቀን ሽንት ቀላ ቢል አያስደነግጥም፤ የረጋ ደም ሽንት ከዘጋ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ቶሎ መመለስ ነው።

ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ደም ሥር ውስጥ ቀለም ተሰጥቶ ሲቲ ይደገማል። እብጠቱ ወዲያው አይጠፋም፤ «እጢው አሁንም አለ» ብሎ የሚደነግጥ ብዙ ነው። መታየት ያለበት ቀለሙን መጠጣት አለመጠጣቱ ነው፤ የሞተ ሥጋ አይጠጣም። ቀለም የጠጣ ጥግ ከተገኘ ያው ሕክምና ሊደገም ይችላል።