በብረት ዶቃ የሚከብዱ ትንንሽ የዓሳ ጂጎች እና አስተሳሰራቸው

ጂግ ማለት ራሱ ላይ ክብደት ያለው መንጠቆ ነው፣ ከኋላው ላባ ወይ ጸጉር ወይ ክር ይታሰርበትና ውሃ ውስጥ ሲገባ ትንሽዬ ዓሳ ወይም የውሃ ነፍሳት ይመስላል። ድሮ ክብደቱ እርሳስ ቀልጦ መንጠቆው ላይ እየፈሰሰ ነበር የሚሠራው፣ አሁን ግን በተለይ ለትንንሾቹ የተበሳ የብረት ዶቃ መንጠቆው ላይ ይገባና ሌላው ነገር በሙሉ ከዶቃው ኋላ ይታሰራል። ሐበሻም በብዛት የሚኖርባት ሚኒሶታን በመሳሰሉ ሐይቅ በበዛባቸው የአሜሪካ ስቴቶች ክራፒ፣ ብሉጊልና ፐርች የሚባሉትን ዓሶች የሚያጠምዱ ብዙ ሰዎች ጂጋቸውን ራሳቸው ቤት ያስራሉ፣ የተራራ ወንዝ ላይ ትራውት የሚባለውን ዓሳ የሚያጠምዱትም እንደዛው።

ዋናው ጉዳይ ክብደት ነው። የነዚህ ዓሶች አፍ ትንሽ ስለሆነ ጂጉም ትንሽ መሆን አለበት፣ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ይቀላል፣ ሲቀል ዓሳው ያለበት ጥልቀት ሳይደርስ ንፋስ ወይ የውሃው ግፊት ይዞት ይሄዳል። ተንግስተን የተወደደው ለዚህ ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ተንግስተን 19.3 ግራም ይመዝናል፣ እርሳስ 11.3፣ ናስ ደግሞ 8.5 አካባቢ፣ ስለዚህ በመጠን እኩል የሆኑ የናስና የተንግስተን ዶቃ ብትይዙ የተንግስተኑ ከእጥፍ በላይ ይከብዳል። 4 ሚሊሜትር የሆነች የተንግስተን ዶቃ ብቻዋን ወደ ግማሽ ግራም ትጠጋለች። ዋጋው ግን ውድ ነው፣ ምክንያቱም ተንግስተን የሚቀልጠው ከ3,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሆነ እንደ እርሳስ ምድጃ ላይ አቅልጦ ቅርጽ ውስጥ ማፍሰስ አይቻልም፣ ዱቄቱ በኃይል ተጨምቆ በሙቀት ነው የሚጣበቀው፣ ማዕድኑም አብዛኛው የሚወጣው ከቻይና ነው። ጥልቀት ለሌለው ውሃ የናስ ዶቃ በቂ ነው፣ እንደውም ቀስ ብሎ መውረዱ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

ከእርሳስ መራቅ የተጀመረው ግን ለፍጥነት ተብሎ ብቻ አይደለም። ሉን የሚባለው የሐይቅ ወፍ (የሚኒሶታ ስቴት ወፍ ነው) ምግቡን ሆዱ ውስጥ ለመፍጨት ከሐይቅ ስር ጠጠር ይለቅማል፣ አብሮም የወደቀ እርሳስ ይውጣል፣ አንድ ትንሽ እርሳስ ብቻ ይበቃዋል ለመሞት። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1987 ከ28.35 ግራም በታች ያሉ አብዛኞቹን የእርሳስ ክብደቶች የከለከለችው ስዋን የሚባሉት ወፎች በዚሁ መንገድ ስላለቁባት ነው። ማሳቹሴትስ ከ2012 ጀምሮ በውስጥ ውሃዎቿ ላይ ትንንሽ የእርሳስ ጂግ ከልክላለች፣ ኒው ሃምፕሸርም የራሷ ሕግ አላት፣ የሎውስቶን ፓርክ ውስጥም አይፈቀድም። ለኔ ይሄ ብቻውን ከእርሳስ ለመውጣት በቂ ምክንያት ነው፣ ዶቃ እንደልብ እየተገኘ ወፍ የሚገድል ነገር ሐይቅ ውስጥ መጣል ልክ አይደለም።

መንጠቆው ተራ መንጠቆ አይደለም፣ ክር የሚገባበት ቀዳዳው አጠገብ በ60 ወይም በ90 ዲግሪ ታጥፏል። ዶቃውም በአንድ በኩል ስንጥቅ ያለው ነው፣ እጥፋቱን አልፎ ቀዳዳው ስር ገብቶ እንዲቀመጥ። ስንጥቁ ወደ መንጠቆው ጫፍ አቅጣጫ ሲዞር የዶቃው ክብደት በጀርባ በኩል ይቀራል፣ ውሃ ውስጥ ጀርባው ወደ ታች ይገለበጥና ጫፉ ወደ ላይ ይሆናል፣ በዚህ የተነሳ ድንጋይና እንጨት ላይ ብዙም አይያዝም። መጠኑን ማዛመድ ያስፈልጋል (የመንጠቆ ቁጥር ሲበዛ መንጠቆው ያንሳል)፣ 14 ቁጥር መንጠቆ ላይ 3 ሚሊሜትር ገደማ፣ 10 ቁጥር ላይ 4 ሚሊሜትር ይሄዳል። ዶቃው በጣም ከተለቀ የመንጠቆውን አፍ ይዘጋና ዓሳው ቢነክስም አይያዝም።

ለማሰር ትንሽ ሞርሳ፣ ቀጭን ክር፣ ስል መቀስና ሙጫ ካለ ሥራው ይጀመራል። መጀመሪያ የመንጠቆው እሾህ (ጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የቆመችው) በፒንሳ ተጨፍልቆ ዶቃው በጠባቡ ቀዳዳ በኩል ይገባል፣ ከዛ መንጠቆው ሞርሳው ላይ ይታሰራል። ከዶቃው ኋላ ክሩ ደጋግሞ ተጠምጥሞ ዶቃው እንዳይሽከረከር ይደረጋል፣ አንዳንዱ ቀጭን ሽቦ ጠምጥሞ ወደ ስንጥቁ ይገፋዋል፣ ክብደትም ይጨምርለታል። ቀጥሎ ጭራው ነው፣ ብዙ ጊዜ ማራቡ የሚባለው ለስላሳ ላባ። ላባው ድሮ ይመጣ የነበረው ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሳ ትርፍራፊ ሲጠብቅ ከምናየው ከአባ ኮዳና ከዘመዶቹ ነበር፣ አሁን የሚሸጠው ግን ተርኪ የሚባለው ትልቅ ዶሮ መሰል ወፍ ላባ ነው።

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ነው። ደረቅ ማራቡ ተነፍቶ ብዙ ስለሚመስል ጣት አርሶ መጨበጥና ውሃ ውስጥ ምን ያህል እንደሚቀር ማየት ይሻላል። ርዝመቱ ከመንጠቆው ዘንግ እኩል ወይ ትንሽ በለጥ ያለ ይሁን፣ ከዛ ካለፈ መንጠቆው ላይ እየተጠመጠመ ያስቸግራል፣ ዓሳውም ጫፉን ብቻ ነክሶ ይሄዳል። ከረዘመ ደግሞ በመቀስ አይቆረጥም፣ በጥፍር ቆንጠር ቆንጠር እየተደረገ ነው የሚያጥረው፣ መቀስ የነካው ጫፍ ድፍን ብሎ ይቀርና ውሃ ውስጥ ያ ሕይወት ያለው የሚመስል እንቅስቃሴ ይጠፋል። ገላው ላይ ሸኒል (ለስላሳ ጸጉራም ክር) ወይም የተፈተለ ጸጉር እስከ ዶቃው ይጠመጠማል፣ በላዩ ቀጭን የመዳብ ሽቦ በርቀት በርቀት ቢዞርበት የዓሳ ጥርስ ቶሎ አይበጥሰውም። መጨረሻ ላይ ክሩ ከዶቃው ኋላ በራሱ ላይ ተጠላልፎ ይቋጠርና ሙጫ ጠብ ይደረግበታል። ሙጫው ላባውን ከነካ ላባው ይደርቃል፣ በመርፌ ጫፍ መቀባት ነው።

ቀለም ላይ ሰው ሁሉ የራሱ እምነት አለው፣ ባጠቃላይ ግን ውሃው ሲደፈርስ ጥቁር ወይም ደማቅ ቢጫ አረንጓዴ፣ ሲጠራ ቡናማና ግራጫ ይሠራል።

ሲጠመድበት ክራፒ ብዙ ጊዜ መሃል ውሃ ላይ ሆኖ ወደ ላይ እያየ ነው የሚበላው፣ ስለዚህ ጂጉ ከዓሳው ትንሽ ከፍ ብሎ ይያዛል፣ ከስሩ ካለፈ አያየውም። አፉ ስስ ስለሆነ በኃይል ከተመነጨቀ ይቀደዳል። በበረዶ ላይ ሲጠመድ ደግሞ ከባድ ዶቃ በረዶው ላይ በተበሳው ቀዳዳ የተንሳፈፈውን የበረዶ ፍርፋሪ በስቶ ቶሎ ይወርዳል። አገር ቤትም ባሌ ዲንሾ አካባቢ እንደ ወይብ ባሉ ወንዞች ከውጭ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት ስላለ በዶቃ የከበዱት ትንንሾቹ እዛም ይሠራሉ።

ከተጠመደበት በኋላ ሳጥን ውስጥ እርጥቡን አትዝጉበት፣ መንጠቆው ይዝግና ዝገቱ ነጭ ማራቡን ያበላሸዋል፣ አንድ ሌሊት ተከፍቶ ይደር።