ከኦፕራሲዮን በፊት ጭንቀትን የሚያረግብ ቴክኖሎጂ ምንድን ነው?

ከኦፕራሲዮኑ ይልቅ ጥበቃው የሚከብደው ሰው ብዙ ነው። ከሌሊት ጀምሮ ምግብ አልቀመሰም። ጋውን ለብሶ፣ እጁ ላይ መርፌ ተሰክቶለት ተራውን ይጠብቃል። ሐሳብ መጥቶ የሚሰፍረው ያኔ ነው።

ጭንቀት የሚያረግብ ቴክኖሎጂ የሚባለው በዚህች ሰዓት የሚያግዝ መሣሪያ ነው። በሄድፎን የሚሰማ ሙዚቃ፣ አተነፋፈስን የሚመራ የስልክ መተግበሪያ፣ ለልጆች የታብሌት ጌም፣ ዓይን ላይ የሚጠለቅና ሰውን በምናባዊ ዓለም ውስጥ ያለ የሚያስመስል የቪአር መነጽር ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ፍርሃቱ «አይዞህ» ተብሎ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ የጭንቀት ሆርሞኖችን ያመነጫል። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ የእጅ ደም ሥር ስለሚጠብ መርፌ ለመትከልም ያስቸግራል። በጣም የተጨነቀ ታካሚ ብዙ ማደንዘዣ ሊያስፈልገው፣ ከነቃ በኋላም ሕመሙ ሊበረታበት ይችላል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከ100 ታካሚዎች 70 ያህሉ ከኦፕራሲዮን በፊት በጭንቀት እንደሚያዙ አሳይቷል። በመጀመሪያ ደረጃ የጠቀሱት ምክንያት ሞትን መፍራት ነው።

በብዙ አገር ለዚህ የሚሰጠው መድኃኒት ሚዳዞላም ይባላል። ቶሎ ያረጋጋል። ነገር ግን እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፣ ትንፋሽን ሊያዳክም ይችላል፣ አረጋውያንን ደግሞ አንዳንዴ ያዘባርቃል። ስለዚህ ሐኪሞች ሌላ መንገድ ቢፈልጉ አይገርምም።

ፍለጋው ደግሞ የዛሬ አይደለም። በ1914 እ.ኤ.አ. ኢቫን ኬን የተባለ የፔንሲልቬንያ ቀዶ ሐኪም ኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥ የሸክላ ማጫወቻ አስገብቶ ነበር፤ የታካሚው ሐሳብ ከሚያስፈራው ነገር ዘወር እንዲል ብሎ። (ይኸው ሰው በ1921 ቦታውን ብቻ አደንዝዞ የራሱን ትርፍ አንጀት በራሱ እጅ አውጥቷል!) ከመቶ ዓመት በኋላም በጥናት በደንብ የተደገፈው መሣሪያ ሙዚቃ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ሰፊ ግምገማ 26 ጥናቶችንና ከ2,000 በላይ ታካሚዎችን አይቶ ሙዚቃ ከኦፕራሲዮን በፊት ያለውን ጭንቀት ይቀንሳል ብሏል።

እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን በ2019 እ.ኤ.አ. ከፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ጥናት ነው። ለኦፕራሲዮን ነርቫቸው ሊደነዝዝ የተዘጋጁ 157 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በደም ሥራቸው ሚዳዞላም ተሰጣቸው። ሌሎቹ የውጭ ድምፅ በሚከለክል ሄድፎን ለሦስት ደቂቃ የሚያረጋጋ ሙዚቃ ሰሙ። ጭንቀታቸው የቀነሰው በተቀራራቢ መጠን ነው። በሦስት ደቂቃ ሙዚቃ! ያም ሆኖ ይበልጥ የረኩት መድኃኒቱን የወሰዱት ናቸው። ሙዚቃውን ታካሚዎቹ አልመረጡትም። ሄድፎኑም ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አስቸግሯል። ለእኔ የጥናቱ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው። የፈራ ሰው «አሁን ምን ልታደርጉኝ ነው?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መስማት ይፈልጋል። ጆሮውን ደፍነን ብቻውን ከተውነው ግማሹን ሥራ አልሠራንም።

የቪአር መነጽር የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ ሃንተር ሆፍማንና ዴቪድ ፓተርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ቁስላቸው ሲጠረግ የሚሰቃዩ የቃጠሎ ታካሚዎችን በዚህ ዘዴ መርዳት ጀመሩ። ኋላ ያዘጋጁት ጌም ታካሚውን በረዷማ ሸለቆ ውስጥ አስገብቶ የበረዶ ኳስ ያስወረውረዋል። ትኩረት ውስን ስለሆነ፣ አእምሮ በጨዋታው ሲያዝ ሕመሙን የሚያዳምጥበት ቦታ ያንሰዋል። ፍርሃትም ላይ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሆኖም መነጽሩ ውድ ነው፣ አንዳንዱን ያጥወለውላል፣ የሚጥል ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ ሐኪም ሳይጠየቅ አይደረግም። ለልጆች ታብሌት ይቀላል። ፈረንሳይ፣ ሊዮን ውስጥ በልጆች ላይ ሲሞከር ጌሙ ከሚዳዞላም ያላነሰ አረጋግቷል።

እኛ አገር መነጽሩ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ስልክና ኢርፎን በብዙ ቤት አለ። ጥናቶች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት በደቂቃ ከ60 እስከ 80 ምት ያለው ዝግ ያለ ዜማ ነው። በገና ለዚህ የተፈጠረ ይመስለኛል። ቁርኣን ወይም መንዙማ የሚያረጋጋውም የራሱን ይክፈት፤ ምርጫው የታካሚው ይሁን። በጅማው ጥናት ታካሚዎቹ ራሳቸው መጽናኛችን ያሉት ከሌሎች ታካሚዎች ጋር ማውራትንና እምነታቸውን ነበርና፣ ኢርፎኑ አንድ ጆሮ ላይ ብቻ ቢሆን ይሻላል።

ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል የሚሰማውን ማታውኑ አውርዱት። ስልኩን እስከ የት ይዞ መግባት እንደሚቻል ሰመመን ሰጪውን ባለሙያ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙ ቦታ ስልክና ቀለበት በር ላይ ለአስታማሚ ይሰጣል።