ከጎንደር ላሊበላ በአየር ስንት ነው? የአየር ርቀትና የበረራ ሰዓት ምንድን ናቸው?

ከጎንደር ላሊበላ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? በመኪና የሄደ ሰው ከ350 በላይ ይላችኋል። አዘዞ ካለው የጎንደር አየር ማረፊያ እስከ ላሊበላው ማረፊያ ክር ወጥሮ የለካ ደግሞ 180 ገደማ ይላል። ሁለቱም አልዋሹም።

የአየር ርቀት የሚባለው የክሩ ነው፤ በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል ያለው አጭሩ መስመር። ተራራና ገደል አያውቅም። መኪናው ግን ያውቃል። ከጎንደር ወደ ደቡብ ወርዶ ወረታ ላይ ይታጠፋል። ደብረ ታቦርን አልፎ፣ ጉናን ታክኮ፣ ነፋስ መውጫን ይሻገራል። ጋሸና ሲደርስ እንደገና ወደ ሰሜን። እጥፍ የሆነው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። በአገር ውስጥ መስመር የምናውቀው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8-400 በሰዓት እስከ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። 180ን ለዚህ ብታካፍሉት 16 ደቂቃ ይመጣል። ትኬታችሁ ላይ ግን 16 ደቂቃ የሚባል ነገር አታገኙም፤ ቢያንስ እጥፉ ነው። ያ ፍጥነት ከፍታውን ይዞ ቀጥ ብሎ ሲበር ብቻ ነዋ! እንዲህ ባለ አጭር መንገድ አውሮፕላኑ ወጥቶ ሳይደላደል መውረድ ይጀምራል። የቀበቶው መብራት ጠፋ ሲባል ተመልሶ ይበራል። በዚያ ላይ ከመንደርደሪያው አቅጣጫ ጋር ለመግጠም መዞር አለ።

ሌላም አለ። ትኬት ላይ የሚጻፈው አየር ላይ የምትቆዩበት ጊዜ ብቻ አይደለም። በሙያው ብሎክ ታይም ይሉታል። ብሎክ ማለት ሾፌሮቻችን ታኮ የሚሉት ነው፤ የቆመ ጎማ እንዳይንሸራተት ሥሩ የሚወሸቀው። ጎንደር ላይ ታኮው ተነስቶ አውሮፕላኑ ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ አንስቶ ላሊበላ ቆሞ ታኮ እስኪደረግለት ያለው ሁሉ ይቆጠራል። (በነገራችን ላይ ትኬቱ የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 07:40 ካለ ጠዋት 1:40 ነው። እባካችሁ!)

ቀጥታ በረራ በሌለበት ቀን ደግሞ ሒሳቡ ሁሉ ይፈርሳል። በአዲስ አበባ መዞር ሊኖርባችሁ ነው። ከጎንደር አዲስ አበባ በአየር 420 ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ላሊበላ 330 ገደማ። 180 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 750 ትበራላችሁ፤ መሐል ላይ ቦሌ ቁጭ ብሎ መጠበቁ ሳይቆጠር። እና ርቀቱን ብቻ አይታችሁ ለሚቀበላችሁ ሰው «መጣሁ» አትበሉ።

ላሊበላ ካረፋችሁም በኋላ ከተማው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረዋል። ከተማዋ ያለችው 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ መንገዱ ዳገት ነው። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን እያቃሰተ እስኪወጣው ድረስ አየር ላይ የቆያችሁትን ያህል ትቆያላችሁ።