«ቃል ስጥ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ድሬዳዋ ላይ ሰው በፖሊስ ሲያዝ ከዘመድ አፍ ቶሎ የምትወጣው ምክር «አቦ፣ ቃልህን ስጥና ውጣ» የምትል ናት። ከልብ የመጣች ምክር ናት፤ ግን ታሳስታለች።

ቃል መስጠት ማለት ለፖሊስ ምርመራ መልስ መስጠትና መልሱ ሲጻፍ መፈረም ነው፤ ግዴታ ግን አይደለም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት አለው። የሚናገረው ነገር ፍርድ ቤት በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችልም፣ በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል። ተገዶ የሰጠው ቃል ደግሞ ተቀባይነት የለውም።

ይህ የቋንቋ ነገር ለእኛ ከተማ ትልቅ ጉዳይ ነው። መጋላ ላይ በአማርኛ ዋጋ የምትከራከር የሶማሊ እናት ምርመራ ክፍል ስትገባ ያው አማርኛ አይበቃት ይሆናል። «ዕቃውን አነሳሁት» ብላ «ሰረቅሁት» ተብሎ ቢጻፍባትስ? ለዚህ ነው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 27 ቋንቋውን በደንብ ለማይረዳ ሰው አስተርጓሚ እንዲቀርብ የሚያዘው። አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ሕገ መንግሥቱ ያስቀመጠው የ48 ሰዓት ገደብም ያደናግራል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ይፈታል ማለት አይደለም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል ማለት ነው። ወደ ፍርድ ቤት ለሚወስደው ጉዞ በግምት የሚያስፈልገው ጊዜ አይቆጠርም።

ቃላችሁ የተጻፈበት ወረቀት ፊታችሁ ሲቀመጥ፣ እስክሪብቶውን ከማንሳታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡት። ማንበብ ለማይችል ሰው ይነበብለት። ያላላችሁት ነገር ካለ ሳይስተካከል አትፈርሙ።