የመኪና ዲናሞ ምንድን ነው? በቤት ሲቀየርስ ምን መታወቅ አለበት?

ኦልተርኔተር፣ በጋራዥ አጠራር ዲናሞ፣ የሞተሩን ሽክርክሪት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር የመኪና ክፍል ነው። ባትሪው ሞተሪኖውን አዙሮ ሞተሩን ካስነሳ በኋላ ሸክሙ ወደ ዲናሞው ይዞራል፤ የፊት መብራቱ፣ ካንዴላው፣ የነዳጅ ፓምፑና ሬዲዮው የሚሠሩት ከእሱ በሚወጣው ኃይል ሲሆን፣ ለማስነሳት ከባትሪው የወጣውንም የሚተካው እሱ ነው። በዚህ ምክንያት ዲናሞው ሥራ ቢያቆም መኪናው ወዲያው አይቆምም፤ ባትሪው ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪያልቅ ይጓዛል፣ ከዚያ መብራቱ ይደበዝዛል፣ በመጨረሻም ሞተሩ መንገድ ላይ ይጠፋል። ብዙ ሰው ይህ ሲገጥመው በቀጥታ አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ አዲሱም ከጥቂት ቀን በኋላ ሲሞት ነው ዲናሞው የሚታሰበው።

አሠራሩ የሞተሩን ሽክርክሪት ወደ ዲናሞው ከሚያደርሰው የጎማ ቀበቶ፣ ከቺንጋው፣ ይጀምራል። የዲናሞው ፑሊ (ቺንጋው የሚያልፍበት ክብ ክፍል) ከሞተሩ ፑሊ ስለሚያንስ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ዲናሞው ከሁለት እስከ ሦስት ጊዜ ይዞራል። በውስጡ የሚሽከረከረው ሮተር በሁለት ትንንሽ ካርቦኖች በኩል ጥቂት ኃይል ተቀብሎ ማግኔት ይሆናል፤ ይህ ማግኔት ዙሪያውን በተጠመጠመው የመዳብ ሽቦ መካከል ሲዞር ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ አቅጣጫውን የሚቀያይር በመሆኑ እንዳለ ባትሪ ሊሞላ አይችልም፤ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት የሆኑ ዳዮዶች ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲፈስ ያደርጉታል። አስተማማኝ የሲሊኮን ዳዮድ በተመጣጣኝ ዋጋ ከመገኘቱ በፊት መኪኖች ሞተሩ በዝግታ ሲዞር በቂ ኃይል የማይሰጥ ጄኔሬተር ነበራቸው፤ ክራይስለር በ1960 እ.ኤ.አ. ሞዴሉ ቫሊያንት ላይ ኦልተርኔተር ከገጠመ በኋላ ሌሎቹም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ተከተሉት። ሬጉሌተር የሚባለው ክፍል ደግሞ ለሮተሩ የሚሰጠውን ኃይል እያበዛና እያሳነሰ፣ ሞተሩ ቢፈጥንም ቢዘገይም ቮልቴጁ ከልኩ እንዳይወጣ ይጠብቃል።

ዲናሞ ከመንቀል በፊት መለካት ይቀድማል፤ በእኔ እይታ ከሥራው ሁሉ ትልቁ ክፍል ይኸው ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ቮልት የሚለካ አንድ ተራ መልቲሜትር ብቻ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲነሳ ንባቡ ወደ 13.8 እና 14.5 መካከል ሊወጣ ይገባል። መብራቱና ማራገቢያው በርተው፣ ሞተሩ ትንሽ ነዳጅ ተሰጥቶት፣ ቁጥሩ 12 ላይ ቀርቶ እየወረደ ከሄደ ባትሪው እየተሞላ አይደለም ማለት ነው። ከ15 በላይ ከወጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተበላሸው ሬጉሌተሩ ነው፤ ባትሪው ይፈላል፣ አምፖሎችም ይቃጠላሉ። ቮልቴጁ በኮምፒዩተር በሚታዘዝባቸው አዳዲስ መኪኖች ላይ ንባቡ ከፍ ዝቅ ማለቱ ግን ብልሽት አይደለም።

ባትሪው አለመሞላቱ ቢረጋገጥም ጥፋቱ ሁልጊዜ የዲናሞው አይሆንም። የላላ ቺንጋ፣ ነጭ ዝገት የያዘ የባትሪ ጫፍ ወይም የተቃጠለ ዋና ፊውዝ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል። ቁልፉ ሲከፈት በዳሽቦርዱ ላይ የምትበራው ቀይ የባትሪ ምልክት ጭራሽ ካልበራችም ነገሩ መጣራት አለበት፤ በብዙ የቆዩ መኪኖች ሮተሩን መጀመሪያ የሚቀሰቅሰው ኃይል የሚያልፈው በዚያች አምፖል በኩል ስለሆነ፣ የተቃጠለች አምፖል ጤነኛውን ዲናሞ የሞተ ልታስመስለው ትችላለች። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» የሚለው የቆየ ሙከራ ግን ሊቀር ይገባዋል፤ ባትሪው በድንገት ሲለይ ቮልቴጁ ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ዘልሎ ዳዮዶቹንና የመኪናውን ኮምፒዩተር ሊያቃጥል ይችላል።

ዲናሞው በእርግጥ ከሞተ፣ በቀላሉ እጅ በሚያስገቡ መኪኖች ላይ ቅየራው መካከለኛ ልምድ ላለው ሰው የሚከብድ አይደለም። የመጀመሪያው ሥራ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ መፍታት ነው፤ ከዲናሞው ጀርባ በዳዶ የታሰረው ወፍራም ገመድ የመኪናው ማስነሻ ቁልፍ ቢዘጋም ከባትሪው ጋር ስለሚገናኝ፣ ዳዶውን የሚፈታው ቁልፍ የሞተሩን ብረት ከነካ ከፍተኛ ብልጭታ ይፈጥራል፣ ቁልፉንም ያቀልጣል። ቺንጋው ያለፈበትን መንገድ ከመፍታት በፊት በስልክ ፎቶ ማንሳት በኋላ ብዙ ድካም ያስቀራል። ከዚያ ማወጠሪያውን አላልቶ ቺንጋውን ማውጣት፣ ሶኬቱንና ወፍራሙን ገመድ መለየት፣ የያዙትን ብሎኖች መፍታት ይከተላል። ብዙ ዲናሞ ለዓመታት ከተቀመጠበት መያዣ በቀላሉ አይወጣም፤ ግራና ቀኝ ቀስ እያሉ ማነቃነቅ ነው እንጂ በመዶሻ መምታት አይገባም፤ የአሉሚኒየም አካሉን ሊሰብረው ይችላል።

አዲሱ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ የብሎን ቀዳዳው፣ የፑሊው ቦይ ብዛትና የሶኬቱ ቅርጽ መመሳሰል አለበት፤ የአምፔሩም መጠን ከአሮጌው ማነስ የለበትም። መርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዲናሞ የሚገዛ ሰው ቢያንስ ፑሊውን በእጁ አዙሮ ኩሽኔታው የሚያንቋቋ መሆኑን ማዳመጥ ይገባዋል። ያለቀው ካርቦኑ ወይም ኩሽኔታው ብቻ ከሆነ ግን እሱን አስቀይሮ የራስን ዲናሞ መመለስ አጠራጣሪ ሌላ ከመግዛት ይሻላል። አሜሪካ ያለ አንባቢ ደግሞ ብዙ የመለዋወጫ መደብሮች ዲናሞን በነፃ እንደሚፈትሹ፣ የታደሰ ሲገዛም አሮጌውን ሲያስረክብ ተመላሽ የሚሆን የገንዘብ መያዣ እንደሚያስይዙ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

በመጨረሻ ኔጌቲቩ ከመታሰሩ በፊት ቺንጋው በሁሉም ፑሊ ላይ በልኩ መቀመጡ ይታያል። ፈጽሞ የሞተን ባትሪ በአዲስ ዲናሞ ለመሙላት መሞከር ዲናሞውን ለረጅም ጊዜ በሙሉ ጉልበቱ አሠርቶ ስለሚያግለው፣ ባትሪው አስቀድሞ በቻርጀር ተሞልቶ ከዚያ ሞተሩ ይነሳል፤ መልቲሜትሩም እንደገና ተይዞ ቀይዋ ምልክት መጥፋቷና ቮልቴጁ በመብራትም ያለ መብራትም ከ14 ብዙ አለመራቁ ይረጋገጣል።