ጫፉ የሚከፈት የአደን ጥይት ምንድን ነው?

ናሚቢያ ወይም ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ኩዱ፣ ኢምፓላ ወይም ዊልደቢስት ለማደን የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ጠመንጃው ነው። እንስሳውን የሚገድለው ግን ከአፈሙዙ የሚወጣው አረር ስለሆነ ሐሳቡም ገንዘቡም መጀመሪያ መዋል ያለበት እዚያ ላይ ነው።

ጫፉ የሚከፈት ጥይት የሚባለው አረሩ ሥጋ ውስጥ ሲገባ ፊቱ ወደ ኋላ እየተገለበጠ እንዲሰፋ ተደርጎ የተሠራ ነው። 7.62 ሚሊ ሜትር ሆኖ የገባ አረር ወደ 13 ወይም 15 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ በልብና በሳንባ በኩል ሰፊ ቀዳዳ ከፍቶ ያልፋል፤ እንስሳው ብዙ ሳይሄድ ይወድቃል። የወታደር ጥይት ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 የወጣው የሄግ ስምምነት ሰውነት ውስጥ የሚሰፋ ጥይትን በጦርነት ስለከለከለ የወታደር አረር እርሳሱ ጫፉ ድረስ በብረት ልባስ የተሸፈነ ነው። በእንዲህ ዓይነት ጥይት የተመታ አጋዘን በጠባብ ቀዳዳ ተበስቶ ረጅም መንገድ ይሮጥና ሰው በማያገኘው ቁጥቋጦ ውስጥ ሲሠቃይ ይሞታል። ርካሽ ነው ተብሎ ለአደን አይገዛም።

አረሩን የሚከፍተው ፍጥነትና እርጥብ ሥጋ ናቸው። ሥጋ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ክፍት በሆነው ወይም የፕላስቲክ ጫፍ በተደረገለት አፍንጫው በኩል ገፍቶ ልባሱን ይሰነጥቀዋል። ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ550 ሜትር ገደማ በታች ከወረደ ብዙዎቹ አረሮች በደንብ አይከፈቱም። ሌላው ጥፋት ደግሞ ከፍጥነት ብዛት ይመጣል። በሴኮንድ ከ900 ሜትር በላይ የሚበር ቀላልና ለስላሳ አረር በ50 ሜትር ርቀት የዊልደቢስት ትከሻ አጥንት ላይ ሲያርፍ እዚያው ይበታተናል። ከላይ የሚያስደነግጥ ቁስል ይታያል፣ ሳንባው ግን ሳይነካ ይቀራል።

ጆን ኖስለር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1946 ካናዳ ውስጥ ሙስ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ሲያድን አረሮቹ እንዲህ እየተበታተኑ ስላስቸገሩት በመሐሉ የመዳብ ግድግዳ ያለበት አረር ሠራ፤ በ1948 ‹‹ፓርቲሽን›› ብሎ ለገበያ አቀረበው። የፊተኛው እርሳስ ይከፈታል፣ ከግድግዳው ጀርባ ያለው ሳይነካ ወደ ውስጥ ይቀጥላል። ዛሬ ከዚህ ሌላ ሁለት ጥሩ ምርጫዎች አሉ። አንዱ እርሳሱ ከልባሱ ጋር የተበየደ ሲሆን፣ ሁለተኛው ምንም እርሳስ የሌለበት፣ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ ነው። መዳቡ ክብደቱን ሳይጥል ያልፋል፤ እርሳስ ስለሌለበትም ሥጋው ውስጥ የእርሳስ ቅንጣት አይቀርም፤ የተጣለ ሆድ ዕቃ የሚበሉ ጥንብ አንሳዎችም አይመረዙም። እኛም የምንመርጠው ይህንን ነው። ነገር ግን መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል በእኩል ክብደት የመዳቡ አረር ይረዝማል፤ ስለዚህ በእርሳስ 180 ግሬን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው፤ 180ው 11.7 ግራም ይሆናል) የሚተኩስ ሰው በመዳብ ወደ 165 ወይም 150 ይውረድ።

የናሚቢያ ሕግ ለስፕሪንግቦክና ለኢምፓላ ቢያንስ 1,350 ጁል፣ ለኩዱ፣ ለዊልደቢስት፣ ለጌምስቦክና ለኢላንድ 2,700 ጁል የአፈሙዝ ኃይል ይጠይቃል። (ጌምስቦክ የእኛ የሳላ የቅርብ ዘመድ ነው።) ከተለመዱት የአደን ጥይት ዓይነቶች .30-06 ስፕሪንግፊልድ በ180 ግሬን ወደ 3,900 ጁል ስለሚሰጥ ለሁሉም ይበቃል። በ100 ግሬን የተለመደው .243 ዊንቸስተር ግን 2,630 አካባቢ ነው፤ ለጥቂት ስለሚያንስ ለኩዱ አይሆንም። .300 ዊንቸስተር ማግነም ኃይሉ ቢበልጥም ርግጫው ተኳሹን ዓይን ያስጨፍናል፤ ምላጩን እየፈራ የሚስብ ሰው ደግሞ ሆድ ይመታል።

የት እንደሚመታ ካልታወቀ የትኛውም አረር አይረዳም። የእነዚህ እንስሳት ልብ ብዙዎች ከሚገምቱት ወደ ፊትና ወደ ታች ነው። እንስሳው በጎኑ ሲቆም የፊት እግሩን መስመር ይዞ ወደ ላይ መውጣትና ከደረቱ ቁመት የታችኛው ሲሶ ላይ ማነጣጠር ነው። ዊልደቢስት ከትከሻው በላይ ጉብታ ስላለው መሐሉን በዓይኑ የለካ ሰው ከሳንባው በላይ ይስታል። አረሩ በሌላው ጎን ሊወጣ ስለሚችል ከጀርባው ሌላ እንስሳ ካለ እስኪለያዩ መጠበቅ ግድ ነው። ቆስሎ ያመለጠ እንስሳ በአብዛኞቹ አዳኝ ድርጅቶች ዘንድ እንደ ተገደለ ተቆጥሮ ሙሉ ዋጋው ይከፈልበታል።

ከጉዞው በፊት ሁለት ሦስት ዓይነት ጥይት ገዝቶ በ100 ሜትር ሦስት ሦስት ጊዜ መተኮስ፣ ከዚያም ጠመንጃው አጠጋግቶ የመታበትን መርጦ ከአንድ የምርት ቁጥር 60 ያህል መግዛት ይሻላል። ከእርሳስ ወደ መዳብ ሲቀየር የጠመንጃው ቱቦ መጀመሪያ በደንብ ይጠረግ። .30-06 በ100 ሜትር አምስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንዲመታ ከተስተካከለ በ200 ሜትር ኢላማው ላይ ያርፋል፤ በ300 ሜትር ግን ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወርዳል። የጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር ከተስተካከለ በኋላ ልምምዱ ከጠረጴዛ ይውጣ፤ ሜዳ ላይ የሚተኮሰው ቆሞ፣ ባለ ሦስት እግር የእንጨት ድጋፍ ላይ ነው።

አብዛኞቹ አየር መንገዶች በአንድ ሰው የሚፈቅዱት እስከ 5 ኪሎ ግራም ጥይት ነው፤ 60 የ.30-06 ጥይት ሁለት ኪሎ አይሞላም። ጥይቱ በፋብሪካ ማሸጊያው ሆኖ ከጠመንጃው ተለይቶ ይቆለፋል። ደቡብ አፍሪካ ሲገባ ጠመንጃ ለማስገባት የፖሊሱ ፎርም 520 ይሞላል፤ ፊርማው የሚፈረመው ፖሊሱ ፊት ነው። ካምፕ ሲደረስ፣ መነጽሩ በጉዞ ተመትቶ ሊሆን ስለሚችል፣ አደን ከመወጣቱ በፊት ሁለት ሦስት ጥይት ኢላማ ላይ ይተኮሳል።